ከእናት እንዝርት እስከ ጥጥ ከተማ
በማንቸስተር የቀድሞ ፋብሪካዎች ሰፈር የሚደረግ ጕብኝት

በአገራችን የጥጥ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የቤት ሥራ ሆኖ ኖሯል። እናት ጥጡን ትዳምጣለች፤ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ልቃቂቱም ሲበዛላት ለሸማኔ ትሰጣለች። ሸማኔውም ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ፣ ኵታውን፣ ጋቢውን፣ ቀሚሱን ሠርቶ ያወጣል። ልጆች በእናታቸው አጠገብ ተቀምጠው የጥጥ ፍሬ እየለቀሙ ተረት ይሰማሉ፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣም እንዝርቱ አያርፍም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የልብስ ታሪክና የቤተ ሰብ ታሪክ አንድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር አውራጃ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መካከል የነበረው ኑሮ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። እናትና ሴቶች ልጆች ይፈትሉ፣ አባትም በቤቱ ውስጥ በተተከለው መሸመኛ ይሸምን ነበር። ኋላ ግን ጥበበኞች ተነሥተው ፈትሉን ለመኪና ሰጡት። ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1764 ገደማ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክር መኪና ሠራ፤ ሪቻርድ አርክራይት በ1769 በውሃ ኃይል የሚሠራውን መፍተያ በስሙ አስመዘገበ፤ የቦልተኑ ሰው ሳሙኤል ክሮምፕተንም በ1779 የሁለቱን ጥበብ አጋጥሞ ቀጭንና ጠንካራ ክር የሚያወጣ መኪና አበጀ። ይህ መኪና ከሁለት ዐይነት ጥበብ የተወለደ ስለ ሆነ እንግሊዞች «በቅሎ» ብለው ሰየሙት። ከዚህ በኋላ እንዝርት ከእናት እጅ ወጣ፤ ፈታይዋም እንዝርቷን ተከትላ ከቤቷ ወጣች፤ ልጅም እናቱን ተከትሎ ሄደ።

(በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ለውጥ ከተፈጸመባቸው ስፍራዎች ዋነኛዋ የማንቸስተር ከተማ ናት። በ1801 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ ከ70,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በ1851 ግን ከ300,000 አለፈ። በ1853 በውስጧ 108 የጥጥ ፋብሪካዎች እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ስለዚህም ሰዎች «የጥጥ ከተማ» ይሏት ጀመር። ያን ዘመን ያዩ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ለመንገደኛም በእግር እየዞሩ መመልከት ይቻላል። እኛም መንገዱን በቅደም ተከተል እናሳያለን፤ አንባቢ ግን የቀዩን ሸክላ ውበት በሚያደንቅበት ጊዜ አንድ ጥያቄ በልቡ እንዲይዝ እንለምነዋለን። ይህ ሁሉ ሲቆም ከየቤቱ ምን ወጣ? ለየቤቱስ ምን ተመለሰለት?

ውሃው፣ ከሰሉና የምድር ባቡሩ

ጕብኝቱን ካስልፊልድ ከሚባለው ሰፈር መጀመር መልካም ነው። በዚህ ስፍራ የሮማውያን ጦር በ79 ዓመት ገደማ ምሽግ ሠርቶበት ስለ ነበረ የከተማይቱ ታሪክ ከዚህ ይቈጠራል። አሁን የሚታየው ዋናው ነገር ግን የውሃው ቦይ ነው። የብሪጅዎተር መስፍን ፍራንሲስ ኤጀርተን በዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከሰሉ በፈረስ ጀርባ ተጭኖ ስለሚመጣ ማንቸስተር ሲደርስ ዋጋው ይወደድ ነበር። መስፍኑም ብዙ ትምህርት ያልነበረውን፣ ነገር ግን በእጅ ጥበቡ የታወቀውን የወፍጮ ሠራተኛ ጄምስ ብሪንድሊን ጠርተው ቦይ አስቈፈሩ። ቦዩ በ1761 ሲከፈት ሰውን ሁሉ ያስደነቀው የኧርዌልን ወንዝ በድንጋይ ድልድይ ላይ የሚሻገር መሆኑ ነበር፤ ከድልድዩ በላይ ታንኳ ያልፋል፤ ከድልድዩም በታች ታንኳ ያልፋል። በምድር ላይ ጥቂት ጭነት ብቻ የሚሸከም አንድ ፈረስ በቦዩ ዳር እየሄደ እስከ 30 ቶን የተጫነ ታንኳ ይስብ ነበር። በዚህም ምክንያት የከሰሉ ዋጋ በከተማው በግማሽ ያህል ወረደ።

በቦዩ ዳር የቆሙት መጋዘኖች ሥራቸው በብልሃት የተሠራ ነው። በሕንጻው ግርጌ ታላላቅ ቅስቶች ተከፍተዋል፤ ታንኳው ከነጭነቱ በቅስቱ ገብቶ ከሕንጻው ሥር ይቆማል፤ ጭነቱም በገመድና በመዘውር ወደ ላይኛው ደርብ ይሳባል። ዝናም በሚበዛበት አገር ጥጡም እህሉም ሳይበሰብስ ይወጣል ማለት ነው። ከመጋዘኖቹ በላይ ደግሞ ቀና ብሎ ለሚመለከት የምድር ባቡር የሚሄድባቸው የብረትና የሸክላ ድልድዮች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይታያሉ። ከነዚህ አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ የብረት ድልድይ ነው፤ በ1969 ባቡር መሄዱ ቀረበት፤ ከዚያም ከ50 ዓመት በላይ ባዶውን ከቆየ በኋላ በ2022 በላዩ አበባና ዛፍ ተተክሎ ለሕዝብ መናፈሻ ሆነ።

ከዚህ ጥቂት ራመድ ሲሉ የሊቨርፑል መንገድ ጣቢያ ይገኛል። በሁለት ከተሞች መካከል መንገደኛ ለማመላለስ ከተሠሩት የምድር ባቡር ጣቢያዎች መካከል በዓለም እስከ ዛሬ የቆመው ቀደምት ይህ ነው። የተከፈተው መስከረም 15 ቀን 1830 ሲሆን ከ1983 ጀምሮ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ግቢ ሆኗል። ቤቱ ሲታይ የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ ይመስላል እንጂ ጣቢያ አይመስልም፤ በዚያን ጊዜ ጣቢያ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ለአንደኛ ማዕርግ መንገደኛ አንድ በር፣ ለሁለተኛ ማዕርግ መንገደኛ ሌላ በር ተሠርቶለት ነበር።

የመክፈቻው ቀን ግን ደስታና ሐዘን የተቀላቀለበት ሆነ። ባቡሩ ውሃ ለመቅዳት በመንገድ በቆመ ጊዜ የሕግ ምክር ቤት አባል የነበሩት ዊልያም ሃስኪሰን ወርደው ሳለ በሌላው ሐዲድ የመጣው «ሮኬት» የተባለው ባቡር ገጫቸውና በዚያው ቀን ዐረፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን መስፍን ማንቸስተር ሲደርሱም የቆያቸው የሠራተኛ ሕዝብ በእልልታ ፈንታ በቍጣ ተቀበላቸው። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ከ11 ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 16 ቀን 1819፣ ወደ 60,000 የሚሆን ሕዝብ በምክር ቤት እንደራሴ እንዲኖረው ለመለመን ከነሚስቱና ከነልጁ በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ተሰብስቦ ሳለ ፈረሰኞች ሰይፍ መዘው ገብተውበት ነበር። ከሞቱት መካከል አንዱ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረ። ሕዝብ እንደዚህ ያለውን ነገር በ11 ዓመት አይረሳም።

በአንኮትስ የሚታየው ሸክላ

ከካስልፊልድ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በፖርትላንድ መንገድ የዋትስ መጋዘን ይታያል። በ1850ዎቹ ዓመታት የተሠራ የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንጻ ነው፤ አሁን ሆቴል ሆኗል። እያንዳንዱ ደርብ በልዩ ልዩ አገር ሥርዐት ተጊጦአል፤ አንዱ እንደ ኢጣሊያ፣ አንዱ እንደ ፈረንሳይ፣ አንዱ እንደ ፍላንደር ነው። ያላወቀ ሰው የነገሥታት አዳራሽ ይመስለዋል። ነጋዴው ገዢውን በዚህ ደረጃ እያወጣ ጨርቁን ያሳየው ነበር። ክሩ የሚፈተልበት ቤት ግን እንደዚህ አላጌጠም፤ እርሱን ለማየት ወደ አንኮትስ መዝለቅ ያስፈልጋል።

አንኮትስ በዓለም ላይ ለፋብሪካ ሥራ ተብለው ከተቈረቈሩት ሰፈሮች የመጀመሪያው ነው ይባላል። በሮችዴል ቦይ ዳር ፋብሪካዎቹ እንደ ግንብ ቅጥር ተሰልፈው ቆመዋል። ከስኮትላንድ የመጡት ወንድማማቾች አዳምና ጆርጅ መሪ «የቀድሞው ፋብሪካ» የሚባለውን በ1798 ሠሩ፤ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ሌሎቹን ጨምረው በአደባባይ ዙሪያ አራት ማዕዘን አደረጉት። በአደባባዩ መካከል ታንኳ የሚቆምበት ገንዳ አስቈፍረው ከምድር በታች በዋሻ ከቦዩ ጋር አገናኙት። ከሰሉና ጥጡ በዋሻው ይገባል፤ ክሩ በዚያው ይወጣል። ከ1,000 የሚበልጥ ሠራተኛም ነበራቸው። ከጐናቸው የማክኮኔልና የኬኔዲ ማኅበር ከ1818 እስከ 1820 ያሠራው የሴጅዊክ ፋብሪካ ስምንት ደርብ አለው።

የሕንጻውን ሥራ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው እያንዳንዱ ነገር በምክንያት እንደ ሆነ ያስተውላል። ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ የቀን ብርሃን ከሁለቱም ወገን እስከ መካከል እንዲደርስ ነው። መስኮቱ የበዛውም ስለዚሁ ነው፤ ቀጭኑ ክር ሲበጠስ ካልታየ አይቀጠልምና። ወለሉ በእንጨት ሲሠራ የጥጥ ብናኝና ከመኪናው የሚንጠባጠበው ዘይት እየተያያዘ ብዙ ፋብሪካ በእሳት ጠፋ፤ ስለዚህ ኋለኞቹ ሠሪዎች በእንጨት ፈንታ የብረት ምሰሶና የሸክላ ቅስት አደረጉ። የፕሩሲያ ንጉሥ የሕንጻ ሥራ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ሺንክል በ1826 ወደዚህ መጥቶ ጌጥ የሌላቸውን እነዚህን ረጃጅም ቤቶች በመገረም በንድፍ ወሰዳቸው።

በነዚህ መስኮቶች ውስጥ የነበሩትን እጆች ግን ንድፉ አያሳይም። «በቅሎ» የተባለው መኪና ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚመላለስበት ጊዜ የተበጠሰውን ክር የሚቀጥሉት ልጆች ነበሩ፤ ከመኪናው ሥር በደረታቸው ተስበው የወደቀውን ብናኝ የሚጠርጉትም ከነዚያ የሚያንሱ ሕፃናት ነበሩ። ጣታቸው ቀጭን፣ ቁመታቸውም አጭር ስለ ሆነ ለሥራው ይመቻሉ ይባል ነበር። ጧት ቤተ ሰቡን የሚቀሰቅሰው ዶሮ አልነበረም፤ ረጅም ዘንግ ይዞ በየመስኮቱ እየዞረ የሚያንኳኳ ሰው በጥቂት ገንዘብ ይቀጠር ነበር። እናትም፣ አባትም፣ ልጅም በአንድ ደወል ገብተው በአንድ ደወል ይወጣሉ።

መንግሥት በ1819 ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር፣ እስከ 16 ዓመት ያለውም በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕግ አወጣ። ነገር ግን ሕጉን የሚያስፈጽም ተቈጣጣሪ ስላልተሾመለት ብዙ ፍሬ አላፈራም። በ1833 የወጣው ሕግ ግን አራት ተቈጣጣሪዎች ሾመ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉት ልጆች በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩና በየቀኑ ሁለት ሰዓት እንዲማሩ አዘዘ። በ1847 ደግሞ ለሴቶችና ለወጣቶች የቀኑ ሥራ በ10 ሰዓት ተወሰነ። በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ይህ ነገር ትምህርት ይሆናል፤ በ1819 እና በ1833 ሕጎች መካከል የነበረው ታላቁ ልዩነት ሕጉን ይዞ ወደ ፋብሪካው በር የሚሄድ ሰው መኖሩ ነው።

ከፋብሪካዎቹ በስተ ኋላ አንዲት ትንሽ መንገድ አለች፤ አንባቢ ሳያያት እንዳያልፍ እንመክረዋለን። የአንኮትስ ሠራተኞች ብዙ ዘመን ጢስ በሞላበት ሰፈር፣ እርጥበት በበዛበት ጠባብ ቤት ታጭቀው ሲኖሩ በበሽታ ያልቁ ነበር። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በ1890ዎቹ ዓመታት የፈራረሱትን ቤቶች አንሥቶ በግቢ ዙሪያ የተሠራ ታላቅ የኪራይ ቤትና በአጠገቡ ንጹሕ ቤቶች ያሉበት መንገድ አቆመ፤ መንገዱንም በእንግሊዝኛ «ሳኒታሪ» ማለት የንጽሕና መንገድ ብሎ ሰየመው። ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ይህን ስም አልወደዱትም፤ የቀድሞ ጕስቍልናቸውን የሚያስታውስ ነበርና። ስለዚህ በላቲን ፊደል ከተጻፈው ስም የመጀመሪያው አንድ ፊደልና የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ተፍቀው የሴት ስም ሆነ፤ ዛሬ «አኒታ» መንገድ ይባላል። ድሀ ሰው ቤት ሲሰጡት ስሙንም እንዲያከብሩለት ይፈልጋል።

አንኮትስ ፈትሉ ሲቀርበት ባዶ ሰፈር ሆኖ ነበር። በ1989 ታሪካዊነቱ ታውቆ እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ ቀስ በቀስም ፋብሪካዎቹ ታድሰው መኖሪያ ቤት ሆኑ። በ1860 ገደማ ለሠራተኞቹ የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አሁን የሙዚቀኞች መለማመጃ አዳራሽ ነው። ሕፃናት በደረታቸው ይሳቡበት በነበረው ወለል ላይ ዛሬ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰዎች ይኖሩበታል። ቤቱ መዳኑ ደስ ያሰኛል፤ የተኖረበት ነገርም አብሮ ሊነገር ይገባል።

የጥጥ ረሃብ

ወደ ከተማው መካከል ሲመለሱ የጥጥ ነጋዴዎች ይገበያዩበት የነበረው ታላቁ የንጉሣዊ ገበያ አዳራሽ ይገኛል። በደኅናው ዘመን አባሎቹ እስከ 11,000 ይደርሱ ነበር። የጥጥ ገበያው በ1968 መጨረሻ ተዘጋ፤ በመጨረሻው ቀን የተጻፈው ዋጋ ግን አልተደመሰሰም፤ ከፍ ብሎ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። በ1976 አዳራሹ ቴአትር ቤት ሆነ፤ ወለሉ ክብደቱን ስለማይችል ከብረትና ከመስተዋት የተሠራው መድረክ በአዳራሹ ታላላቅ ዐምዶች ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በማንቸስተር መካከል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከን ሐውልት ቆሞ ያዩታል። መንገደኛ ሁሉ ይህ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እንደሚከተለው ነው።

የማንቸስተር ፋብሪካዎች ከሚፈትሉት ጥጥ የሚበልጠው የሚመጣው በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ባሮች ከሚለቅሙት ነበር። በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የሊንከን መንግሥት የደቡቡን ወደቦች በመርከብ ዘጋ፤ ጥጡም ቀረ። በላንክሻየር ጢስ መውጫዎች ጢሳቸው ጠፋ፤ መኪኖች ቆሙ፤ በ1862 መጨረሻ ወደ 500,000 የሚጠጋ ሰው በእርዳታ ይኖር ነበር። ሥራ ለፈቱት ሴቶች የስፌት ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ለቤተ ሰቡም ሾርባ በየማደያው ይታደል ነበር። እንግሊዝ ወደቡን በግድ እንድታስከፍት የሚወዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም ወገን ሁሉም በዚህ ነገር አንድ ልብ አልነበሩም። ነገር ግን ታኅሣሥ 31 ቀን 1862 የማንቸስተር ሠራተኞች በነጻ ንግድ አዳራሽ ተሰብስበው የባርነትን መጥፋት እንደሚደግፉ ለሊንከን ደብዳቤ ጻፉ። በማግስቱ በጥር 1 ቀን 1863 የባሮች ነጻነት ዐዋጅ ጸና። ሊንከንም በዚያው ወር በ19 ቀን መልስ ጻፉላቸው፤ መከራቸውን እንደሚያውቁና ሥራቸውን እንደ ታላቅ ክርስቲያናዊ ጀግንነት እንደሚቈጥሩት ነገሯቸው። የሐውልቱ መቆሚያ ድንጋይ ከዚህ ደብዳቤ የተወሰደ ቃል ተቀርጾበታል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እነዚህ ሰዎች ባዶ ማድጋ በቤታቸው ተቀምጦ ሳለ ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ለቃሚ አዘኑለት። ከፋብሪካው ለከተማይቱ ከተረፈው ሀብት ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስለናል።

በዲንስጌት መንገድ ደግሞ ባሏ በጥጥ ንግድ የበለጸገ አንዲት ሴት፣ ወይዘሮ ኤንሪኬታ ራይላንድስ፣ ለባላቸው ለጆን ራይላንድስ መታሰቢያ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት አለ። በ1900 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን ሥራው ካቴድራል ይመስላል። በዚህ ቤት መዳፍ የማይሞላ የፓፒሩስ ቍራጭ ይጠበቃል፤ በላዩም ከዮሐንስ ወንጌል ጌታ በጲላጦስ ፊት የቆመበት ክፍል ይነበባል። ከታወቁት የሐዲስ ኪዳን ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በብራና የተጻፉ የግእዝ መጻሕፍትም በዚሁ ይገኛሉ፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባሉት ሊቅ ዝርዝራቸውን በ1974 አሳትመዋል።

እናታቸውን ፍለጋ የሄዱ ልጆች

አንድ ቀን ትርፍ ያለው መንገደኛ ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ በስታይል መንደር ያለውን የኳሪ ባንክ ፋብሪካ ይመልከት። ሳሙኤል ግሬግ በ1784 በቦሊን ወንዝ ዳር የሠራው ነው፤ ዙሪያው ዛፍና ሣር ስለ ሆነ እንደ አንኮትስ አያስጨንቅም። ግሬግ በዶሚኒካ ደሴት ባሮች የሚሠሩበት እርሻም ነበረው። ከፋብሪካው አጠገብ በ1790 የተሠራ ነጭ ቤት አለ፤ ከድሆች መጠጊያ የተወሰዱ ሕፃናት በውል ታስረው የሚኖሩበት ነበር። 90 ያህል ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ አልጋ ይተኙበት ነበር። ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ሐኪም ያያቸዋል፤ ጥቂትም ይማሩ ነበር። በዚያን ዘመን ከነበሩት ጌቶች ግሬግ ከደጎቹ ይቈጠር ነበር።

በ1806 ከነዚህ ልጆች ሁለቱ፣ ጆሴፍ ሴፍተንና ቶማስ ፕሪስትሊ፣ ጠፍተው ወደ ሎንዶን በእግራቸው ሄዱ፤ መንገዱም ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ተይዘው በዳኛ ፊት የሰጡት ቃል ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። ቶማስ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጣቱን መኪና ቈርጦበት ነበር። ስለ ምግቡና ስለ መኝታው የተናገሩት የክስ ቃል ብዙ አይደለም። ቶማስ ቍስሉ እስኪድን በተኛበት ጊዜ እናቱን እንዳሰበና ሊያያት እንደ ወደደ ተናገረ፤ የሄደውም ስለዚህ ነበር። ከዚያም ወደ ፋብሪካው ተመለሱ።

በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ብዙ ቃል ይጻፋል፤ የዚህ ልጅ ቃል ግን ከመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱን የያዘ ነው። ደግ ጌታ ዳቦና አልጋ ይሰጣል፤ በእናት አጠገብ ተቀምጦ ጥጥ መልቀምን ግን ሊመልስ አልቻለም።

የማንቸስተር ልጅ በአዲስ አበባ

ጕብኝቱን የምንፈጽመው በኔልሰን መንገድ ባለው ከሸክላ በተሠራ ቤት ነው። በዚህ ቤት ባላቸው በ1898 የሞተባቸው ወይዘሮ ኤመሊን ፓንክረስት ከልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እንጀራቸውን ለማግኘት የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆነው ሲሠሩ የፋብሪካ ሴቶችና ልጆቻቸው የሚደርስባቸውን መከራ በየቀኑ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1903 በዚሁ ቤት ሴቶችን ሰብስበው ለሴቶች የምርጫ መብት የሚታገል ማኅበር አቆሙ። በእንግሊዝ አገር ሴቶች በ1918 በከፊል፣ በ1928 ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት አገኙ። ቤቱ ሊፈርስ ተቃርቦ ከዳነ በኋላ ከ1987 ጀምሮ ለመታሰቢያ ተከፍቷል።

ከሴቶች ልጆቻቸው አንዷ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት በማንቸስተር በ1882 ተወለዱ፤ በከተማይቱም የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1907 በእንግሊዝና በስኮትላንድ እየዞሩ በሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን ሣሉ፤ በግላስጎው የጥጥ ፋብሪካም መኪና አጠገብ የቆሙትን ፈታዮች በውሃ ቀለም አስቀሩ። የሕንጻ ሊቁ ሺንክል መስኮቱን ሣለ፤ ከ80 ዓመት በኋላ የጥጥ ከተማ ልጅ በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ሣለች ማለት ነው።

እኒህ ሴት የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረበት በ1936፣ በእኛ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር ማሳተም ጀመሩ፤ ብዙዎች ዝም ባሉበት ጊዜ ዝም አላሉም። ከነጻነት በኋላ ለልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ነው። ስለዚህ ማንቸስተርን ለመጐብኘት ገንዘቡና ጊዜው ያልተገኘለት አንባቢ ወደ ሥላሴ ቢሄድ ከዚያች ከተማ ታሪክ አንዱን ገጽ በዚያ ያገኘዋል።

በእኛም አገር የሥራ ታሪክ ያለባቸው ሕንጻዎች አሉ። የምድር ባቡር በ1902 ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ጣቢያዎቹም የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። እንግዲህ ልጆቻችሁን እንደነዚህ ወዳሉት ስፍራዎች በምትወስዱበት ጊዜ ግንቡን ማን እንዳሠራው ብቻ አትንገሩአቸው፤ በውስጡ ማን እንደ ሠራ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ገባ፣ ማታ ወደ ማን ቤት እንደ ተመለሰ ንገሩአቸው። የማታውቁት እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉት። አያቶቻችሁም በሕይወት ካሉ እንዝርቱን አውጥተው ለልጅ ልጆቻቸው አንድ አመልማሎ እንዲፈትሉላቸው ለምኑአቸው፤ ልጁ ክሩ ከጣቷ ሲወጣ አይቶ ያደገ እንደ ሆነ፣ ሸማ በለበሰ ጊዜ ሁሉ ያችን እጅ ያስባታል።